ጥሩምባው ከመነፋቱ በፊት፤ ለአዳማ ዕድሮች ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር
የተከበራችሁ የዕድር ዳኞች፣ ጸሐፊዎች፣ እናቶችና አባቶች፤ እንደምን ዋላችሁ።

አዳማ ተወልጄ ያደግሁ ልጃችሁ ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ፣ በካንሰር የጨረር ሕክምና ክፍል ነው። «ስለ አዲሱ ማሽን ንገረን» ስላላችሁኝ ከማሽኑ እጀምራለሁ፤ ዋናው ጉዳዬ ግን የእናንተ መዝገብ ነው።

ጨረር ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ማቃጠል ነው፤ ፈርቶ የሚቀርም አለ። በአገራችን ለረጅም ዓመታት ይህ ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ መሣሪያውም የኮባልት ነበር። ኮባልት 60 ራሱ ጨረር የሚረጭ ብረት ነው፤ በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ ባረጀ ቁጥር ታካሚው አልጋው ላይ የሚቆይበት ደቂቃ ይረዝማል። አዲሱ ማሽን፣ ሊኒየር አክስለሬተር የሚባለው ግን ጨረሩን የሚያመነጨው በኤሌክትሪክ ነው፤ ሲያጠፉት ጨረርም የለም። መብራት ሲሄድ ሥራው እንደሚቆም ለአዳማ ሰው ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ትልቁ ለውጥ ማነጣጠሩ ነው። ጨረሩ በሚወጣበት አፍ ላይ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ለብቻው እየገባና እየወጣ ጨረሩን በዕጢው ቅርጽ ልክ ይቀርጸዋል። ማሽኑ በታካሚው ዙሪያ እየዞረ ከየአቅጣጫው ጥቂት ጥቂት ይልካል። ሁሉም ዕጢው ላይ ይገናኛል፤ ለፊኛና ለአንጀት የሚደርሳቸው ግን ያነሰ ነው።

በደም ሥር የሚሰጥ ጨረርም መጥቷል። ሉተሺየም 177 የሚባል ጨረር የሚረጭ ንጥረ ነገር የፕሮስቴት ካንሰር ሴልን ፈልጎ ከሚጣበቅ መድኃኒት ጋር ተያይዞ ይገባል፤ ዋናው ጨረሩ ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ፈቅዳዋለች። ይህን የወሰደ ሰው ለተወሰኑ ቀናት ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር ራቅ ማለት አለበት። በማሽን ከውጭ የታከመ ግን ሰውነቱ ውስጥ ጨረር አይቀርም፤ እባካችሁ ሰሃን አትለዩበት፣ ልጆቹን ይቀፍ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ማነጣጠር የሚጀምረው ከቆዳ ላይ ነው፤ በቀለም መስመር እናሰምራለን፣ በየቀኑም በዚያው ልክ እናስተኛለን። የማህፀን በር ካንሰር የያዛቸው አንዲት እናት በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ሲመጡ መስመሩ የለም። ቅዳሜና እሁድ ጸበል ተጠምቀው ታጥቦ ሄዷል። «በሳሙና አላሸሁትም ልጄ» አሉኝ፣ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው እየሳቡ። ጸበሉን አልከለከልናቸውም፤ እንደገና ለክተን አሰመርን።

እኚህ እናት እንኳን መጥተውልን ነበር። የሚያስቸግረን ቀርቶ የሚጠፋው ነው። ለዚህ ካንሰር ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ 5 ሳምንት፣ 25 ቀን ግድም ይመላለሳሉ፤ ከዚያ በውስጥ በኩል የሚሰጠው ጨረር አለ። ሁሉም ተደምሮ ከ8 ሳምንት ባያልፍ ነው የሚመከረው፤ ሲቋረጥ የተረፈው የካንሰር ሴል ፋታ አግኝቶ ይራባል። ማሽኑ የቱንም ያህል ቢያነጣጥር አልጋው ባዶ ከሆነ ምን ዋጋ አለው?

«የፍጥነት መንገድ አለ፣ 100 ኪሎ ሜትር ምን አላት» ትሉ ይሆናል። ዳሌ ላይ ጨረር የወሰደ ሰው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። በዚያ ሁኔታ በየቀኑ ሚኒባስ ላይ ተቀምጦ መመላለስን አስቡት። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው አልጋ ይከራያል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ስሙን የምንሰማው ከጥሩምባ ነፊው ነው።

ዕድራችሁ ለድንኳን፣ ለወንበርና ለንፍሮ ወጪ መድቧል። የምለምናችሁ ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ እንድትጨምሩ ነው፤ ጨረር የታዘዘለት አባል ለ5 ሳምንት የማደሪያና የአስታማሚ ወጪ ይሸፈንለት፣ ከሐኪም በሚያመጣው ወረቀት። ከየዕድሩ በዓመት የሚታዘዝለት ብዙ ሰው አይሆንም፤ ዕድሮቹ በጋራ ብታዋጡ ደግሞ ይቀላል። ከሻይ በኋላ እዚሁ ጥግ ጠረጴዛው ጋ እቀመጣለሁ፤ ጸሐፊዎች መዝገባችሁን ይዛችሁ ኑና ሒሳቡን አብረን እንሥራ።