ይሄ ሁሉ ፀሐይ እያለ ፍላሽ ለምን?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ በየሰርጉ ፎቶ ሳነሳ ስለምጠየቀው ጥያቄ ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ፍላሽ ሳወጣ፣ ከሚዜዎቹ ወይ ከአጎቶቹ አንዱ ጠጋ ይልና «ይሄ ሁሉ ፀሐይ እያለ ፍላሽ ምን ያደርግልሃል?» ይለኛል። መጠየቁ ተገቢ ነው። ብርሃን ሞልቷላ!

ብርሃኑስ ሞልቷል፤ ግን የሚመጣው ከአናት ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት ገደማ፣ ደግሞም በነሐሴ መጨረሻ፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። ሚያዝያ እንግዲህ ፆም ተፈትቶ ሰርግ የሚደራበት ወር ነው። ሙሽሪት ከቤተ ክርስቲያን ወጥታ ፓርክ ስትደርስ የቅንድቧ ጥላ ዓይኗ ላይ ወድቋል፣ የአፍንጫዋ ጥላ ከንፈሯ ላይ። ሰዓቱን ቀይሩት የሚል አለ። ማን ይቀይራል? ምሳ ተሰናድቷል፣ እንግዳ ተቀምጧል።

በዚያ ላይ ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ካሜራውን ለቀሚሱ ካስተካከላችሁ ጥለቱ ክር በክር ይታያል፣ ፊቷ ግን ይጨልማል። ለፊቷ ካስተካከላችሁ ደግሞ ቀሚሱ ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ሸማኔው ስንት ቀን የለፋበት ሽመና የለም። ብዙዎቻችን የምናደርገው ምንድን ነው? ቤት ገብተን በኮምፒውተር ፊቷን ብቻ ጎትተን እናበራዋለን። ያኔ ያ ሞቅ ያለ ጠይም ቀለም አመድ አመድ ይላል። ይሄ ከልቤ ያሳዝነኛል። የራሷን መልክ ነው የወሰድንባት፤ ለዚያውም ልጆቿ በሚያዩት ፎቶ ላይ።

እኔ ጀርባዋን ለፀሐይ ሰጥታ እንድትቆም አደርጋለሁ። ፀሐይዋ ከኋላ ስትመታው የነጠላው ጠርዝ ያበራል፣ ፊቷ ሙሉ በሙሉ ጥላ ውስጥ ይገባል፣ የተዥጎረጎረ ጥላ አይኖርም። ካሜራዬን ለነጠላው አስተካክላለሁ። ፊቷን የማበራው በፍላሽ ነው።

እዚህ ላይ ቁጥር ልጥራ፤ ሥራው ያለው እዚሁ ነው። አብዛኛው ካሜራ ከፍላሽ ጋር ያለ ችግር የሚሠራው ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ፣ እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ሲሆን ነው። በጠራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ፣ 1/200 ከያዛችሁ ሌንሱ ኤፍ 11 አካባቢ፣ ማለትም ቀዳዳው ጠበብ ያለ ይሆናል። ከጀርባ ያለው ዛፍ ሁሉ ጥርት ብሎ ይመጣል ማለት ነው። እሱን ለማደብዘዝ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 2.8 ብትከፍቱ ሹተሩ 1/3200 ይደርሳል፤ ያኔ ሃይ ስፒድ ሲንክ፣ ማለትም ፍላሹን ከፈጣን ሹተር ጋር የሚያሠራው ዘዴ፣ ያስፈልጋል። በሃይ ስፒድ ፍላሹ ብርሃኑን ቆራርጦ ስለሚረጨው ጉልበቱ በጣም ይወርዳል። እኔ ሌንሱ ላይ የሦስት ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፣ መግጠሙን እመርጣለሁ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም እጥፍ ማድረግ ነው)፤ 1/200 ላይ ሆኜ ኤፍ 4 እከፍታለሁ። ልብ በሉ፣ ፊልተሩ የፍላሹንም ብርሃን ይቀንሳል። ስለዚህ ፍላሹ ኤፍ 11 ላይ የሚጠየቀውን ያህል መሥራቱ አይቀርም።

ታዲያ ትልቅ ፍላሽ እንግዛ? ከመግዛታችሁ በፊት አስጠጉት። ከሦስት ሜትር ወደ አንድ ሜትር ተኩል ስታመጡት ፊት ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ይሆናል። ረዳቴ ሶፍት ቦክሱን፣ ማለትም የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልሰውን የጨርቅ ሳጥን፣ በዘንግ ይዞ ከፎቶው ጠርዝ ትንሽ ብቻ ወጣ ብሎ ይቆማል፣ ከዓይኗ ከፍ አድርጎ።

መጠኑን የምለካው በእጇ ነው። አበባ የያዘውን እጇንና ፊቷን አስተያዩ። ፊቷ ከእጇ የነጣ ከሆነ ፍላሹ በዝቷል፣ ቀንሱ። እኔ ከፀሐይዋ አንድ ስቶፕ ያህል ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ጠይሟ ጠይም፣ ቀይዋ ቀይ ሆና ትቅር። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግን ፀሐይዋ ቢጫ ስለምትሆን ፍላሹ ላይ ብርቱካንማ ጄል (ባለቀለም ስስ ፕላስቲክ) ለጥፉበት፣ አለበለዚያ ፊት ሰማያዊ ይመስላል።

ሪፍሌክተርስ፣ ያ ብርሃን የሚመልሰው ሰሌዳ? ለወጣት ይሆናል። ለእናቶች ግን አልወደውም። ፀሐይዋን መልሶ ዓይናቸው ውስጥ ነው የሚወረውረው፤ ዕንባቸው ይመጣል፣ ግንባራቸው ይኮማተራል። ፍላሽ ብልጭ ብሎ ያልፋል። የሙሽሪትን እናት «እናቴ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ይቆዩ፣ ሦስት ስል ይክፈቱ» እላቸዋለሁ። ሲከፍቱት አነሳለሁ፤ ዓይናቸው ውስጥ የፍላሹ ነጥብ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ቅዳሜ ሥራ ያላችሁ ልጆች፣ እዚያው ቦታ ላይ አንዱን ያለ ፍላሽ፣ አንዱን በፍላሽ አንሱና ስክሪኑ ላይ የሙሽሪትን ዓይን አጉልታችሁ አስተያዩት። ያያችሁትን ንገሩኝ። በሉ፣ ደህና ሁኑልኝ።