እንዶድ፦ አንድ ግኝት ከወንዝ ዳር ተነስቶ የት ድረስ ይሄዳል?

[ምስል፦ ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች፣ የተወቀጠ የእንዶድ ፍሬ]

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዚያን በሽታ ለማጥናት ዓድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። የበሽታው ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመተላለፉ በፊት በውኃ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ማደግ ስላለበት፣ ቀንድ አውጣዎቹን የሚገድል ነገር መተላለፊያውን ይዘጋዋል። ስለ ትሉ የተማረ ሰው ወንዙ ዳር ባይገኝ ኖሮ ነገሩ ሳይስተዋል ያልፍ ነበር፤ የእንዶድን አዘገጃጀት ከእናቶቻቸው የወረሱት ሴቶች ባይኖሩም የሚስተዋል ነገር አይኖርም ነበር። በእኔ እምነት የግኝቱ ግማሽ የእነርሱ ነው።

[ምስል፦ ቤተ ሙከራ፣ የእንዶድ ማሳ]

ይሁን እንጂ አንድን ነገር ማስተዋል የሥራው መነሻ ብቻ ነው። ዶክተር አክሊሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ለምርምሩ ቋሚ ቤት ሆነለት፤ ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስም ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዓይነቶች እያወዳደሩ የተሻሉትን መረጡ። ዓድዋ ላይ ለአምስት ዓመታት በተካሄደው ሙከራ፣ በሽታው የተገኘባቸው ሕፃናት ቁጥር ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ገደማ ዝቅ አለ።

ሥራው የተጓተተው ከዚህ በኋላ ነው። ዓለም አቀፍ ተቋማት እንዶድ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት አለማድረሱ ዕውቅና ባለው ቤተ ሙከራ እንዲረጋገጥ ጠየቁ። እንዶድ ዓሣንም የሚገድል በመሆኑ ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ምርመራ በሚፈለገው ደረጃ የሚያካሂድ ቤተ ሙከራ በአገር ውስጥ ስላልነበረ፣ ወጪውን የሚሸፍንና ምርመራውን የሚያካሂድ አካል ከውጭ መፈለግ ግድ ሆነ። ማንም ገበሬ በጓሮው ሊያበቅለው ከሚችል ተክል ብዙ ትርፍ የማይጠብቁ ኩባንያዎችም ገንዘባቸውን ለማፍሰስ አልቸኮሉም። ምርመራው በካናዳ ድጋፍ የተካሄደው በ1980ዎቹ ነው፤ ሁለቱ ተመራማሪዎች «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት በ1989 ሲቀበሉ ከዓድዋው ቀን 25 ዓመታት አልፈዋል። ከእነዚህ ዓመታት አብዛኞቹ ያለፉት አዲስ ሐሳብ በመፈለግ ሳይሆን፣ የተገኘውን ሐሳብ መርምሮ የሚያጸድቅ ተቋም በመጠበቅ ነበር።