ራሱ የጠፋ ፋይል፣ ጅራቱ የጠፋ ፋይል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ሰሞኑን ሳብሰለስለው የከረምኩትን ነገር ላጫውታችሁ።

የምሠራው ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ማታ ማታ የስዊቾቻችንን (ኮምፒውተሮችን በኔትወርክ የሚያገናኙት መሣሪያዎች) ኮንፊግ፣ ማለትም ቅንብራቸውን የያዘውን ጽሑፍ፣ በኤክስፔክት ስክሪፕት ባክአፕ እንወስዳለን። ኤክስፔክት ዶን ሊብስ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው መሣሪያ ነው። በሰው ፈንታ ተርሚናል ፊት ይቀመጣል። ፓስወርድ ሲጠየቅ ይጽፋል፣ መልስ ይጠብቃል፣ ቀጣዩን ትእዛዝ ይልካል።

ባለፈው አንዷ ባልደረባዬ «እስቲ ይህን እይልኝ» አለችኝ። የባክአፑ ፋይል «ኢንተርፌስ ቭላን 20» የሚለው መስመር ላይ ቀጥ ብሏል። ከሥሩ ምንም የለም። ስክሪፕቱ ግን አንድም ስህተት አላሳየም። እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። ስዊቹ የተቃጠለ ዕለት በእጃችን ያለው ግማሽ ኮንፊግ ነው ማለት ነዋ!

ኤክስፔክት የሚጠብቀው ቃል ካልመጣለት፣ ሌላ ካላዘዝነው በቀር፣ የሚታገሰው 10 ሰከንድ ነው። ከዚያ ዝም ብሎ ወደ ቀጣዩ ትእዛዝ ያልፋል። ስክሪፕቱ ሲያልቅ ግንኙነቱም ይዘጋል፤ ገና በመምጣት ላይ የነበረው ጽሑፍ ሜዳ ላይ ይቀራል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ስሊፕ፣ ማለትም «ይህን ያህል ሰከንድ ቆይ» የሚል ትእዛዝ፣ ይጨምራል። እኔ አልወደውም። ዛሬ የበቃው 5 ሰከንድ ኔትወርኩ የተንቀራፈፈ ቀን አይበቃም። ይልቅ ለታይምአውት (የመጠበቂያው ጊዜ ሲያልቅ) የራሱን ትእዛዝ ጻፉለት፣ ስህተቱን ተናግሮ ይውጣ። መጨረሻው ላይ ደግሞ «ኤክስፔክት ኢኦኤፍ» አትርሱ። የመጠበቂያው ጊዜ እስካላለቀ ድረስ፣ ማዶ ያለው ጨርሶ እስኪዘጋ ይጠብቃል።

የጠፋው ጅራቱ ሳይሆን ራሱ፣ ማለትም የፋይሉ መጀመሪያ፣ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ኤክስፔክት ካልተነገረው በቀር የሚይዘው የመጨረሻውን 2000 ባይት ያህል ነው፤ ቀድሞ የመጣውን ይጥለዋል። ይህን መጠን የሚወስነውን ማች ማክስን ከፍ አድርጉት፣ ወይም የሚመጣውን ሁሉ ፋይል ላይ በሚጽፈው በሎግ ፋይል ትእዛዝ ከመነሻው ቅዱት።

የባልደረባዬ ችግር የጅራቱ ነበር። «ኤክስፒ ኢንተርናል 1» ብለን ስንከፍተው ስክሪፕቱ የሚያየውን ሁሉ አየን። ስዊቹ አንድ ገጽ ሞልቶ «ሞር» ብሎ ቆሟል፤ ቁልፍ የሚነካለት ይጠብቃል። ስክሪፕቱ ደግሞ ስዊቹ ለቀጣዩ ትእዛዝ ዝግጁ ሲሆን የሚያሳየውን የሃሽ (#) ምልክት ይጠብቃል። ሁለቱም እንደተጠባበቁ 10 ሰከንዱ አለቀ። ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ «ተርሚናል ሌንግዝ 0» (በየገጹ አትቁም የሚል ትእዛዝ) ጨመርን፤ ሙሉው ወረደ።

አሁን የድሮዎቹን ፋይሎች እያየን ነው። የእነዚህ የሲስኮ ስዊቾች ኮንፊግ የሚያልቀው «ኤንድ» በሚል ቃል ነው። ያ ቃል የሌለበትን ሁሉ እንደገና እየወሰድን ነው።