ጎዶሎ ምት፦ የ70ዎቹ ፕሮግረሲቭ ሮክ አስፈሪ ፊልምን እንዴት እንደቀየረው

[ጥቁር ስክሪን። ጠረጴዛ የሚመታ ጣት ብቻ ይሰማል።]

እስኪ አንድ ነገር እንሞክር። እስከ 16 እየቆጠራችሁ ጠረጴዛውን በጣታችሁ ምቱ። 16 ላይ ስትደርሱ ሳታቋርጡ ከአንድ ጀምሩ። ቀላል ነው አይደል? እግራችሁም ሳታስቡት ይከተላል።

አሁን የመጨረሻዋን ምት ጣሏት። 15 ላይ ስትደርሱ ቶሎ ወደ አንድ ተመለሱ።

በጨለማ ደረጃ ስትወርዱ እግራችሁ ያልጠበቀው ቦታ ላይ ሲያርፍ ሆድ ላይ የሚሰማው ነገር አለ አይደል? እሱ ነው። የዛሬው ቪዲዮ ስለዚህች ስለተጣለች አንዲት ምት ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ። ሙዚቃዎቹን ደግሞ በኮፒራይት ምክንያት ማሰማት ስለማልችል እየመታሁ አሳያችኋለሁ። ታገሱኝ።

[የሸክላ ሽፋን፦ ሰማይ ላይ የተንሳፈፈ፣ የተጣመመ የብረት ቱቦ]

ፕሮግረሲቭ ሮክ በ1960ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ የተነሳ ሙዚቃ ነው። ኪንግ ክሪምሰን፣ የስ፣ ጀነሲስ፣ ፒንክ ፍሎይድ። የሦስት ደቂቃ ዘፈን ጠበበን ያሉ ልጆች ናቸው። የሸክላውን አንድ ገጽ ሙሉ ለአንድ ሥራ ይሰጡታል። ከክላሲካሉም ከጃዙም ይበደራሉ። ጉራ በዝቶባቸዋል የሚል ሰው ካለ አልከራከረውም፣ አንዳንዴ በዝቶባቸዋል። እኔ ግን እወዳቸዋለሁ፣ ምን ላድርግ!

እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ማይክ ኦልድፊልድ «ቱቡላር ቤልስ» (የቱቦ ደወሎች) የሚለውን አልበም ሲቀርጽ ዕድሜው 19 ነበር። ቦታው ኦክስፎርድሽር ውስጥ ያለ «ዘ ማነር» የሚባል ስቱዲዮ ነው፤ ከገጠር ግቢ የተሠራ። ፒያኖውን፣ ኦርጋኑን፣ ጊታሩን፣ ቤዙን፣ ማንዶሊኑን፣ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ራሱ ተጫወተ። አንዱን ይቀርጻል፣ በላዩ ሌላውን ይደርባል። ከዚያ በፊት ሐሳቡን ይዞ በየሸክላ አሳታሚው በር ዞሮ ማንም ዞር ብሎ አላየውም ነበር። በመጨረሻ ሪቻርድ ብራንሰን የሚባል ወጣት ነጋዴ ቨርጂን ሪከርድስን ሲከፍት የመጀመሪያ አልበሙ አድርጎ አወጣው። ግንቦት 1973 ነው። ያ ቨርጂን በኋላ አየር መንገድ ሁሉ ሆነ።

አልበሙ የሚጀምረው በፒያኖ ነው። አጭር ዜማ ናት፣ እየተመላለሰች የምትሽከረከር። 15 ምት አላት። 16 ብትሆን ኖሮ የሕፃን ማስተኛ ዜማ በሆነች ነበር።

የእኛ ጆሮ ያደገው በችክችካ ነው። ስድስት ስድስት እያለ ይሄዳል፣ ትከሻ መቼ እንደሚወርድ ማንም አይነግረውም፣ ያውቀዋል። የኦልድፊልድ ፒያኖ ላይ እስክስታ ለመምታት ሞክሩ። ትከሻችሁ አንድ ዙር ይሄድና ሁለተኛው ላይ ይቀራል።

[የዋሽንግተን ጆርጅታውን መንገድ፣ የበልግ ቅጠል]

በዚያው ዓመት ዳይሬክተር ዊልያም ፍሪድኪን ሰይጣን ስላደረባት ልጅ የሚናገረውን «ዘ ኤግዞርሲስት»ን እየጨረሰ ነበር። ላሎ ሺፍሪን የሚባል ትልቅ የፊልም ሙዚቃ ሰው ማጀቢያ ሠራለት። ፍሪድኪን ሰማውና ጣለው። ከዚያ ሌላ ሲያፈላልግ የኦልድፊልድ ሸክላ እጁ ገባ።

የት እንዳስገባው ልብ በሉ። ልጅቷ አልጋ ላይ ስትንቀጠቀጥ አይደለም። ቄሱ ሲመጣም አይደለም። እናትየው ከሥራ ወጥታ በእግሯ ወደ ቤቷ ስትሄድ ነው። ቅጠል ይረግፋል። ለሃሎዊን የለበሱ ልጆች ይሮጣሉ። የመነኮሳት ቀሚስ በነፋስ ይውለበለባል። አንድም አስፈሪ ነገር የለም። ፒያኖው ግን አንድ ምት ይጎድለዋል፣ እናንተም ለምን እንደከፋችሁ ሳታውቁ ይከፋችኋል። እኔ እንደሚመስለኝ ፊልሙ ውስጥ ካለው ሜካፕ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

(የዲሲ ልጆች፣ ኤም ስትሪት ላይ የሚወርደው ያ ቀጥ ያለ ደረጃ የዚህ ፊልም ነው። ሌሊት ብቻችሁን አትውረዱት፣ ነግሬያለሁ።)

«ዘ ኤግዞርሲስት» ዓለም የተሰለፈለት ፊልም ስለሆነ ከልት ፊልም ልንለው አንችልም። ከልት የምንለው ብዙኃኑ ያለፈውን፣ ጥቂት ሰዎች ግን ሙጭጭ ብለው የያዙትን ነው። ለእሱ ወደ ሮም እንሂድ።

[ቀይ መጋረጃ]

ዳሪዮ አርጀንቶ ጣሊያናዊ ዳይሬክተር ነው። በ1975 «ፕሮፎንዶ ሮሶ»ን ሠራ፤ ትርጉሙ ጥልቅ ቀይ። ማጀቢያውን የጀመረለት ጆርጆ ጋስሊኒ የሚባል የጃዝ ሰው ነበር፣ ግን አልተግባቡም። አርጀንቶ የፈለገው ሮክ ነው። ልቡ ያለው ፒንክ ፍሎይድ ጋ ነበር ይባላል። ፒንክ ፍሎይድ ሳይሆን የሮም ልጆች ደረሱለት። ስማቸውን ጎብሊን አሉ። ኪቦርድ የሚጫወተው ክላውዲዮ ሲሞኔቲ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር።

የፊልሙን ዋና ሙዚቃ ስትሰሙ የኦልድፊልድ ዘመድ መሆኑ ወዲያው ይገባችኋል። እየተመላለሰች የምትሽከረከር ዜማ፣ ጎዶሎ ቆጠራ። ጎብሊኖች የጨመሩት ከሥር የሚርመሰመስ ቤዝ ነው። ከዚያ ድንገት የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይፈነዳል። ይህ ሸክላ ጣሊያን ውስጥ አንደኛ ወጣ። ቃል የሌለው የአስፈሪ ፊልም ሙዚቃ፣ አንደኛ!

ሁለት ዓመት ቆይቶ «ሰስፒሪያ» መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የምወደው ይህን ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሱዚ የምትባል አሜሪካዊት ባሌ ልትማር ጀርመን ፍራይቡርግ ትሄዳለች። ትምህርት ቤቱ የጠንቋዮች ነው። በቃ። አርጀንቶ ለታሪክ ብዙም አይጨነቅም፣ ታሪክ ፈልጋችሁ ከገባችሁ ትናደዳላችሁ።

አሁን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች እዩ። ሱዚ ማታ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሳለች። ሻንጣዋን ይዛ ወደ መውጫው ትሄዳለች። መውጫው ራሱ የሚከፈት የመስታወት በር ነው። ሰው ሲያልፍበት በሩ ይከፈታል፤ ያን ጊዜ የጎብሊን ሙዚቃ ይሰማል። በሩ ይዘጋል። ሙዚቃው ቀጥ ይላል፣ የአዳራሹ ጫጫታ ብቻ ይቀራል። እንደገና ይከፈታል፣ እንደገና ይሰማል።

ገባችሁ? ሌላ ፊልም ላይ ማጀቢያ ለእኛ ለተመልካቾች የሚጫወት ነገር ነው። እዚህ ግን ሙዚቃው ውጭ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ እሷን እየጠበቀ ነው። ሱዚ ወደ እሱ እየሄደች ነው። አንድም ሰው ገና አልሞተም፣ እናንተ ግን «ተመለሺ!» ማለት ያምራችኋል።

«ሰስፒሪያ» ላይ ጉዳዩ የቆጠራ ብቻም አይደለም። እንደ መጫወቻ ሳጥን የምታቃጭል ትንሽ ዜማ አለች። ከሥሯ የግሪክ ቡዙኪ፣ የሕንድ ታብላ፣ ሙግ የሚባለው ትልቁ ሲንተሳይዘር። በላዩ ደግሞ የሲሞኔቲ ድምፅ፣ ጆሮ ሥር የሚያንሾካሹክ፣ «ላ ላ ላ» የሚል። አርጀንቶ ከቀረጻው በፊት የተዘጋጀውን ሙዚቃ ቀረጻው ላይ ጮክ አድርጎ ያስከፍተው ነበር። ተዋናዮቹ ፊት ላይ የምታዩት መደናገጥ ሁሉም ትወና ላይሆን ይችላል።

[የጭነት መኪና፣ የገመድ ድልድይ፣ ጎርፍ]

በዚያው 1977 ፍሪድኪን «ሶርሰረር»ን አወጣ። አራት ሰዎች ፈንጂ የጫነ መኪና በጫካ ውስጥ የሚነዱበት ፊልም ነው። ሙዚቃው የጀርመኖቹ የታንጀሪን ድሪም ነው። ፊልሙን ሳያዩ፣ ስክሪፕቱን ብቻ አንብበው ሠሩት። ፍሪድኪን ቀደም ብዬ ሰምቻቸው ቢሆን ኖሮ «ዘ ኤግዞርሲስት»ንም ለእነሱ እሰጥ ነበር ብሏል። «ሶርሰረር» ግን ከ«ስታር ዋርስ» አንድ ወር ቆይቶ ሲኒማ ገባና ተዋጠ። ዛሬ ወዳጆቹ ብዙ ናቸው።

በ1978 ደግሞ ጆን ካርፔንተር «ሃሎዊን»ን ሠራ። ፕሮግ (ፕሮግረሲቭ ሮክ) ነው ብዬ ልዋሽ አልችልም፣ ግን የቤተሰቡ ልጅ ነው። ካርፔንተር ፊልሙን ሙዚቃ ሳይገባበት ለአንዲት የስቱዲዮ ኃላፊ ቢያሳያት ምንም አላስፈራትም። ገንዘብ ስላልነበረው ራሱ ፒያኖ ላይ ተቀመጠ። አባቱ የሙዚቃ መምህር ነበሩ፤ ልጅ ሳለ ቦንጎ ሰጥተው አምስት ምት አስተምረውታል። ያንን አምስት ምት አወጣው። የቀረውን ታውቁታላችሁ፣ ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳን ዜማውን ያውቀዋል።

[የኪንግ ክሪምሰን «ሬድ» አልበም ሽፋን]

ከዚያ ፕሮግ ፋሽኑ አለፈበት። ፓንክ መጣ፣ የሃያ ደቂቃ ዘፈን መሳቂያ ሆነ። ከልት ፊልሞች ግን አልጣሉትም። በ2018 ፓኖስ ኮዝማቶስ «ማንዲ»ን ሲሠራ ፊልሙን የከፈተው በኪንግ ክሪምሰን «ስታርለስ» ነው። ኒኮላስ ኬጅ ጫካ ውስጥ ዛፍ ይቆርጣል፣ ከላይ ያ የሚያለቅስ ሜሎትሮን (በቴፕ የተቀዳ የመሣሪያ ድምፅ የሚያሰማ ኪቦርድ) ይፈስሳል። ኮዝማቶስ የወሰደው ለስላሳውን መጀመሪያ ነው። ዘፈኑ 12 ደቂቃ ነው። መሃሉ ላይ ቤዙ በ13 ምት መራመድ ይጀምራል፣ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ሮበርት ፍሪፕ ጊታሩ ላይ አንዷን ኖታ ይዞ ይመታል፣ ይመታል፣ ቀስ እያለ ከፍ ያደርጋታል። ያንን ክፍል ከአልበሙ ስሙት፤ ፊልሙ ላይ የለም።

ከየት ልጀምር ለምትሉ፦ «ፕሮፎንዶ ሮሶ»ን መጀመሪያ እዩ፣ «ሰስፒሪያ»ን ቀጥሎ። «ሰስፒሪያ»ን በስልክ ስፒከር እንዳታዩት፣ አደራ። የታደሰውን ቅጂ ፈልጉ፣ ቀዩ ቀይ የሚሆነው እሱ ላይ ነው፣ ሄድፎን አድርጉ። «ቱቡላር ቤልስ»ን ደግሞ የመጀመሪያውን ገጽ እስከ መጨረሻው ድረስ ታገሱት። ቪቪያን ስታንሻል የሚባል ሰው መድረክ እንደሚመራ ሆኖ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ በስም ይጠራል፣ የጠራው ሁሉ እየመጣ ይገባል። ደወሉ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

በሚቀጥለው ቪዲዮ ፒንክ ፍሎይድ ፖምፔይ ውስጥ፣ በሮማውያን አምፊቲያትር፣ ያለ አንድም ተመልካች የተጫወቱበትን ፊልም እናያለን።