ፓንኮቹ ካዛንቺስ ምን አገኙ?

[ምስል፦ ምሽት። ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ በርጩማዎች፣ ማሲንቆ።]

ፓንክ ሮክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የተቀደደ ጂንስና ጆሮ የሚበሳ ጊታር ነው። ከጩኸቱ በስተጀርባ ግን አንድ ሐሳብ አለ፤ ሙዚቀኛውና አድማጩ በአንድ ወለል ላይ ይቁሙ የሚል። ለዚህ የሚሆን ቤት አዲስ አበባ ከፓንክ በፊትም ነበራት። አዝማሪ ቤት እንለዋለን።

ካዛንቺስ እንሂድ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» በእኛ አፍ ካዛንቺስ ሆነ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የከተማዋን ሌሊት ዘጋው። ሥርዓቱ ሲወድቅ ሌሊቱ ተከፈተ፤ አዝማሪ ቤቶችም በሰፈሩ ተደረደሩ። ከእነሱ አንዱ ፈንዲቃ ነበር።

[ምስል፦ የማሲንቆ ጭራ በቅርበት።]

የአዝማሪ ቤት ጥበብ መቀራረቡ ላይ ነው። አዝማሪው በአንዲት የፈረስ ጭራ ክር እየተጫወተ ፊትህ ይቆማል፤ ኮትህን፣ መላጣህን፣ አብራህ የመጣችውን ሴት አይቶ እዚያው ይገጥምልሃል። አንተም «ተቀበል!» ብለህ ግጥም ትሰጠዋለህ። ሰሙ ያሞግስሃል፤ ወርቁ ምን እንዳለህ የሚገባህ አንዳንዴ ሸልመህ ከተቀመጥክ በኋላ ነው።

መላኩ በላይ የሚባል ወጣት በዚህ ቤት ለዓመታት በሽልማት ብቻ ጨፈረ፤ ማደሪያውም እዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ቤቱን ራሱ ያዘው። አዝማሪውን ሳያስወጣ የሥዕል ማሳያ ጨመረ፤ «ኢትዮከለር» የተባለውን ቡድንም መሠረተ።

ፓንኮቹስ? «ዘ ኤክስ» እ.ኤ.አ. በ1979 በኔዘርላንድስ የተመሠረተ የፓንክ ባንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ከተማ ለከተማ እየዞረ ተጫወተ። ከዚያ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ያስቀኛል፤ ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸው አንጋፋው ጌታቸው መኩሪያ፣ ለአዲሱ አልበሙ አጃቢ እንዲሆኑት የመረጠው እነዚህኑ ፓንኮች ነው። «ሞዓ አንበሳ» እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ለእኔ ግን ምርጫው እንግዳ አይደለም። ሽለላ ጦር ሜዳ የሚዘልቅ ሰው ፉከራ ነው፤ ለስላሳ ፒያኖ ምን ያደርግለታል? መላኩም ከእነዚሁ ፓንኮች ጋር በመድረክ ጨፍሯል።

[ምስል፦ የፈረሰ ግንብ፣ አቧራ።]

እ.ኤ.አ. በ2024 ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ፈንዲቃም አብሮ ፈረሰ። ሙዚቃው መስቀል አደባባይ ያለው ሃያት ሬጀንሲ ሆቴል ገባ። ዛሬ ካዛንቺስ ወርዶ «ፈንዲቃ የት ነው?» የሚል እንግዳ፣ ወደ መስቀል አደባባይ ተመለስ ይባላል።