ስድስት ሲኒ፣ አሥር ኪሎ ሜትር

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም። እኔና ማይኩ ብቻ ነን። ማይኩን በግራ እጄ ነው የያዝኩት፣ ቀኙ አልነሳ ብሎኛል። ምን ሆነህ ነው ካላችሁ፣ ልንገራችሁ።

እሁድ ታላቁን ሩጫ ትሪ ይዤ ሮጥኩ። ትሪው ላይ ስድስት ሲኒ። ቡና የለባቸውም፣ እብደትም ልክ አለው። መስቀል አደባባይ ተነስቼ ስመለስ ሳይሰበር ለተረፈ ለእያንዳንዱ ሲኒ፣ ቃል የገባ ሰው ሁሉ ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል 100 ብር ያስገባል።

ሐሳቡን የሰጡኝ እንግሊዛዊው ካፒቴን ቶም ሙር ናቸው። በፈረንጆቹ 2020፣ ኮሮና ሁሉንም ቤት ባስቀመጠበት ሰሞን፣ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው፣ መደገፊያቸውን ይዘው የግቢያቸውን አትክልት ቦታ መቶ ጊዜ እመላለሳለሁ አሉ። ያሰቡት 1,000 ፓውንድ ነበር። ከ32 ሚሊዮን በላይ ተሰበሰበ። በፈረንጆቹ 2014 ደግሞ ያ በረዶ ውሃ ራስ ላይ የመድፋት ነገር ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ባልዲ ሙሉ ውሃ ራሴ ላይ ብደፋ እናቴ ከነባልዲው ታስወጣኛለች። ስለዚህ ሲኒ።

ሲኒዎቹን ከእናቴ ቡፌ ነው ያነሳሁት። ሳልነግራት። እዚህ ጋ እንመለስበታለን።

ልምምዱ አንድ ወር ፈጀ። መጀመሪያ ሲኒዎቹ በየእርምጃው እየተንሸራተቱ ይንቃጨሉ ነበር። አንድ ቀን ምሳ የምበላበት ቤት አስተናጋጁ አይቶኝ ሳቀና፣ «ከሥሩ እርጥብ ፎጣ አንጥፍበት፤ ዓይንህን ደግሞ ከትሪው ላይ አንሳ» አለኝ። እውነቱን ነው። ትሪውን ባየሁ ቁጥር ያዘነብላል። ፊት ለፊት ካየሁ ራሱ ሚዛኑን ይጠብቃል።

ከባዱ ነገር ግን ልምምዱ አልነበረም። ቴሌግራም ላይ «እባካችሁ ቃል ግቡ» ብሎ መጻፍ ነው። ሦስት ቀን ጽፌ አጠፋሁ። ይሉኝታ! በመጨረሻ 31 ሰው ገባ። ከዚያ አንድ ጓደኛዬ፣ ስሙን አልጠራም ግን ያውቃል፣ «እኔ ለተሰበረው ነው የምከፍለው። በአንድ ሲኒ 1,000 ብር» ብሎ ጻፈ። ተሳቀ፣ ተሳቀና 13 ሰው ተከተለው።

ሒሳቡን ተመልከቱልኝ። ስድስቱም ቢተርፉ 18,600 ብር። ስድስቱም ቢሰበሩ 84,000።

ሩጫው በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር ያሸነፈው ራሱ ኃይሌ ነው። እኔ እንኳ የገባሁት ከጨፋሪዎቹ ጋር ነው። ደግሞ የአዲስ አበባ ሰው ዝም ብሎ አያሳልፍም። «ስኳር ጨምርበት!» ይላል አንዱ። ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንዲት እናት ከመንገድ ዳር «አቦል ነው ቶና?» አሉኝ። «ገና አቦል ነኝ እማማ!» አልኳቸው። ሳቁና ረዳት የሚያስፈልገው ሰው እንደሚያዩ አዩኝ።

ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስድስቱም ሲኒ አሉ። እና አሰብኩት። አሁን እጄን ለቀቅ ባደርግ አረጋውያኑ 84,000 ብር ያገኛሉ። ማንም አያውቅብኝም። ለእነሱ ብዬ ከሆነ የምሮጠው ትሪውን እዚያው አስፋልቱ ላይ መጣል ነበረብኝ። አልጣልኩም። ሰው እያየኝ ነበራ! ስልክ አውጥተው እየቀረጹኝ «አይዞህ ጀግና!» እያሉኝ እንዴት ልጣል? 65,400 ብር ነው ያቺ «ጀግና» የምትል ቃል የፈጀችው። እስካሁን ትከነክነኛለች።

ዘጠነኛው ላይ ባንድ የሚጫወትበት ቦታ ደረስን። ከፊቴ ያለው ልጅ እስክስታ ይወርዳል። ክርኑ ትሪዬን መታው። አምስቱ ተንሸራተው ጠርዙ ላይ ቆሙ። ስድስተኛዋ ወደቀች። ልጁ ደነገጠ። ከኋላ ያለው ሰው እንዳይረግጠው ብሎ እጁን ዘርግቶ መንገድ ዘጋ፣ ተንበርክኮ ስብርባሪውን በቲሸርቱ ለቀመ። ከዚያ ከካልሲው ውስጥ 200 ብር አውጥቶ እጄ ላይ አደረገ። ስለ ምን እንደምሮጥ አልጠየቀኝም። የሲኒዋን ዋጋ መክፈሉ ነው። በእሱ ክርን ምክንያት 14,000 ብር እንደገባ እስካሁን አያውቅም። ወንድሜ፣ የምትሰማኝ ከሆነ፣ አመሰግናለሁ።

ጠቅላላ 29,500 ሆነ። የልጁን 200 ጨምሬ አስገባሁ።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። አምስቱን ሲኒ አንድ በአንድ አገላብጣ አየች። «እና ይህን ሁሉ የሆንከው ብር ለመጠየቅ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። «እኔን ጠይቀኸኛል?»

አልጠየቅኳትም። 45 ሰው ቃል ገብቷል፣ እናቴ የለችበትም። መቄዶንያ መፈክሩ «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» ነው የሚለው። ትሪ አይልም። ከመቀነቷ 500 ብር ፈታ ሰጠችኝና ቡና ልትቆላ ተነሳች።

ጎረቤቶች መጡ። ከእኔ ጋር ስድስት ሆንን። ሲኒው አምስት። እናቴ ለሁሉም ቀዳችና ለእኔ በሻይ ብርጭቆ ሰጠችኝ። እስከ በረካ ድረስ በብርጭቆ ጠጣሁ።