ሆይሉንድ ሄደ፤ ውሉን ግን አንብበነዋል?

የተከበራችሁ የማንቼ ደጋፊዎች፣ ነገር ለማየት ብቻ የመጣችሁ የአርሴናል ወዳጆችም ጭምር፣ እንደምን አመሻችሁ።

ፕሪሚየር ሊጉ ለብሔራዊ ቡድኖች ጨዋታ በተቋረጠበት በዚህ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025 ሳምንት ስለ ማንቸስተር ዩናይትድ አጥቂ ስለ ራስሙስ ሆይሉንድ እንድናገር ተጠይቄያለሁ። ልጁ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የዝውውር መስኮቱ በሚዘጋበት ዕለት፣ በውሰት ወደ ጣሊያኑ ናፖሊ ሄደ። ማታውኑ ግማሹ ደጋፊ «ተገላገልን» አለ፤ ሌላው ግማሽ «እኛው አበላሽተን ሸኘነው» አለ። መስከረም 3 ቀን በመጀመሪያ ጨዋታው ፊዮሬንቲና ላይ ሲያገባ፣ መስከረም 21 ደግሞ በቻምፒየንስ ሊግ ስፖርቲንግ ሊዝበን ላይ ሁለት ሲያስቆጥር፣ «ተገላገልን» ያሉት ራሳቸው ዞረው ክለቡን ይሰድቡ ጀመር። «አየህ! እኛ ጋ ሲሆን ነው እንጂ!»

ንዴቱ ይገባኛል። ግን በተሳሳተ በኩል የዞረ ንዴት ነው። ሆይሉንድ ለናፖሊ ባገባ ቁጥር ወደ ማንቼ ኪስ የሚገባው ገንዘብ እየቀረበ ነው። ይህን ለማየት ውሉን ዘርዝሮ ማየት ያስፈልጋል።

የተዘገበው እንዲህ ነው። ናፖሊ ለውሰቱ 6 ሚሊዮን ዩሮ ይከፍላል። ናፖሊ ለቀጣዩ የቻምፒየንስ ሊግ ካለፈ ደግሞ ልጁን በ44 ሚሊዮን ዩሮ የመግዛት ግዴታ አለበት። ግዴታ ነው፤ አማራጭ አይደለም። 44 ሚሊዮን ዩሮ ወደ ፓውንድ ሲመነዘር 38 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል። ለምን 38? ለምን 30 ወይም 50 አልሆነም? መልሱ ያለው በሒሳብ መዝገቡ ውስጥ ነው።

ማንቼ ልጁን ከአታላንታ የገዛው በፈረንጆቹ ኦገስት 2023 ነው፤ ዋጋው 64 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ሁኔታዎች ሲሟሉ የሚጨመር 8 ሚሊዮንም ነበረው። የፈረመው ለ5 ዓመት ነው። በሒሳብ አሠራር አንድ ክለብ የተጫዋቹን ዋጋ በአንድ ቀን ወጪ አያደርገውም፤ በውሉ ዓመታት ይከፋፍለዋል። 64 ለ5 ሲካፈል በዓመት 12.8 ሚሊዮን ይሆናል። ሁለት ዓመት ሲያልፍ 25.6 ወጪ ሆኗል፤ መዝገቡ ላይ የቀረው 38.4 ነው። ተጨማሪዎቹንና የወኪል ክፍያውን ትተን ማለት ነው። የናፖሊ ግዴታና ይህ ቁጥር መገጣጠማቸው የአጋጣሚ አይመስለኝም።

ነሐሴ ላይ አንድ ክለብ መጥቶ «25 ሚሊዮን ልስጣችሁና ልውሰደው» ቢል ኖሮ ማንቼ በዚያው ዓመት መዝገብ ላይ የ13 ሚሊዮን ኪሳራ ይጽፍ ነበር። በ2025/26 የሚሠራበት የፕሪሚየር ሊጉ ደንብ ክለቦች በ3 ዓመት ውስጥ ሊከስሩ የሚችሉትን በ105 ሚሊዮን ፓውንድ ይገድብ ስለነበር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። በውሰት ሲሄድ ግን ክለቡ የአንድ ዓመት ጊዜ ይገዛል። በመጪው ክረምት መዝገቡ ላይ የሚቀረው 25.6 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ በ38 ከተሸጠ በወረቀት 12 ሚሊዮን ያህል ትርፍ ይታያል። እዚህ ላይ እንዳንታለል፤ የዘንድሮው 12.8 ሚሊዮን ወጪ አሁንም በእኛ መዝገብ ላይ ነው ያለው። ገንዘቡ አልጨመረም፤ የተቀየረው የሚጻፍበት ዓመት ነው።

በዚያው ክረምት ጋርናቾን በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ለቼልሲ ሸጠን ሆይሉንድን ለምን በውሰት ሰጠን የሚለውን ጥያቄም ይኸው ይመልሰዋል። ጋርናቾ ከአካዳሚ የወጣ ልጅ ስለሆነ መዝገቡ ላይ ቀሪ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ የተሸጠበት ገንዘብ ሙሉ በሙሉ በሚባል ደረጃ ትርፍ ነው።

ናፖሊስ ለምን በቀጥታ አልገዛም? ነሐሴ ላይ ከኦሊምፒያኮስ ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ ሮሜሉ ሉካኩ ጭኑን በከባዱ ተጎዳ። የናፖሊ አሰልጣኝ አንቶኒዮ ኮንቴ መስኮቱ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ተኩል ሲቀረው ዋና አጥቂውን አጣ። ስለዚህ ቸኩሎ ነበር፤ የቸኮለ ክለብ ደግሞ ግዴታ ይፈርማል። ግዴታው ላይ ሁኔታ የተንጠለጠለበትም ምክንያት አለው። በዩኤፋ የፋይናንስ ደንብ መሠረት የመግዛት ግዴታው ያለ ሁኔታ ከሆነ፣ ወይም ሁኔታው መሟላቱ እርግጠኛ ሊባል የሚችል ከሆነ፣ ዝውውሩ ከመጀመሪያው ቀን እንደ ግዢ ይቆጠራል። «ከወራጅ ቀጠና ከተረፍን እንገዛለን» ብሎ የናፖሊን ያህል ክለብ ቢፈርም ማንም አያምነውም። «ቻምፒየንስ ሊግ ከገባን» ሲል ግን እውነተኛ ጥርጣሬ አለ፤ በጣሊያን ሊግ ከ1 እስከ 4 መውጣት ለማንም በነጻ አይሰጥም። ጣሊያኖች በዚህ ዓይነቱ ውል ከሁሉም የተካኑ ናቸው።

አሁን «ግዴታ ካለ አለቀ» ብላችሁ እጃችሁን እንዳታጣጥፉ፤ የጄደን ሳንቾን ነገር አስታውሱ። በ2024 ክረምት በውሰት ወደ ቼልሲ ሲሄድ ቼልሲ ከ14ኛ በላይ ከጨረሰ የመግዛት ግዴታ ነበረበት። ቼልሲ 4ኛ ወጣ። ገዛው? አልገዛውም። ውሉ ውስጥ መውጫ በር ነበር፤ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ ልጁን መለሰው። እኛም የአንድ ዓመት ውል የቀረውን ተጫዋች ይዘን ቀረን፤ እሱም በ2025/26 እንደገና በውሰት ወደ አስቶን ቪላ ሄደ። ራሽፎርድ ደግሞ ባርሴሎና የሄደው በግዴታ ሳይሆን በአማራጭ ነው፤ የተስማሙበትን ዋጋ ከፍለው ሊያስቀሩት ይችላሉ፣ «አመሰግናለሁ» ብለው ሊመልሱትም ይችላሉ። ሦስቱም ዜናዎች ሲነበቡ «በውሰት ተዛወረ» ነው የሚሉት፤ ውስጣቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ስለዚህ «በውሰት» የሚል ርዕስ ስታዩ ከመሳቅም ከማልቀስም በፊት መጨረሻው ግዴታ ነው ወይስ አማራጭ፣ ሁኔታው ምንድን ነው፣ ለመውጣት ስንት ይከፈላል፣ ደመወዙን ማን ይችላል፣ ሲመለስ ስንት ዓመት ውል ይቀረዋል ብላችሁ ጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ በጣም የሚረሳው ነው። አንድ ዓመት የቀረው ተጫዋች ሲመለስ የሚደራደረው እሱ እንጂ ክለቡ አይደለም።

ወደ ሜዳው ልመለስ፤ ብዙዎቻችሁ የምትከራከሩት እዚያ ላይ ነውና።

ቁጥሩ ይታወቃል። ለማንቼ በ95 ጨዋታ 26 ጎል። በመጀመሪያው ዓመት በፕሪሚየር ሊግ 10፣ በሁለተኛው 4 ብቻ፣ ያውም በ32 ጨዋታ። በ2024 ዲሴምበር ቪክቶሪያ ፕልዘን ላይ ሁለት አስቆጥሮ ከዚያ በኋላ 21 ጨዋታ ያለ ጎል ሄደ፤ ድርቁን የሰበረው ማርች ላይ ሌስተር ሲቲ ሜዳ ላይ ነው። ይህ ለ64 ሚሊዮን አጥቂ ደካማ ነው፤ ማስተባበያ አልፈልግለትም። ግን በዚያ ዓመት ቡድኑ በሙሉ በ38 ጨዋታ ያስቆጠረው 44 ጎል ነው፤ 15ኛ ነው የጨረስነው። ሌላው አጥቂ ዚርክዜ በሊጉ 3 ጎል ነበረው። አጥቂው ብቻ ታሞ ሌላው ጤነኛ የሆነበት ቡድን አልነበረም።

ሆይሉንድ ምን ዓይነት አጥቂ ነው? ግራ እግር ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሥራው ከመሀል ተከላካዩ ትከሻ ተነስቶ ወደ ጀርባው መሮጥ ወይም የተሻማ ኳስ ሲመጣ የግቡን የቅርብ ቋሚ ቀድሞ መድረስ ነው። ደካማ ጎኑም ግልጽ ነው። ጀርባውን ለግብ ሰጥቶ ኳስ ሲቀበል ከተከላካዩ ጋር ይታገላል፣ ይጎትታል፣ ኳሷ ግን ትርቀዋለች። በአሰልጣኙ ሩበን አሞሪም 3-4-2-1 አሰላለፍ ደግሞ ከአጥቂው የሚጠበቀው በአብዛኛው ይህ ሁለተኛው ሥራ ነበር፤ ረጅም ኳስ ይዞ ማቆየት፣ ከኋላው ለሚመጡት ሁለቱ አስር ቁጥሮች፣ ማለትም አጥቂ አማካዮች፣ ማመቻቸት።

ይህ አንዱ ነው። ሌላው ብዙ ሰው ያላየው የተመላላሾቹ፣ በመስመሩ ወደፊትና ወደኋላ የሚሮጡት ተጫዋቾች፣ እግር ነው። ዶርጉ ፌብሩዋሪ 2025 እስኪመጣ ድረስ በግራ መስመር ተመላላሽ ሆኖ ብዙውን ጊዜ የሚሰለፈው ቀኝ እግሩ ዳሎት ነበር። በቀኝ በኩል ደግሞ አማድ ሲሰለፍ ግራ እግሩ ነው። ሁለቱም ኳስ ሲደርሳቸው በቀጥታ አያሻሙም፤ ቆም ብለው ወደ ውስጥ ይመልሱና በጠንካራ እግራቸው ያዘጋጃሉ። ይህ አንድ ሰከንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ይወስዳል። የቅርቡ ቋሚ ሩጫ ደግሞ ዕድሜው አንድ ሰከንድ ነው። አጥቂው ይሮጣል፣ ኳሱ አይመጣም፣ ከጨዋታ ውጪ ላለመሆን ይቆማል፤ ኳሱ ሲመጣ ቆሞ ያገኘዋል። ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ግን «ሆይሉንድ የለም» የሚል ነው። ሩጫው ተቀርጾ አይታይም፤ ካሜራው ኳሱን ነው የሚከተለው።

የ2024ቱን መልካም ወራት ከዚህ ጋር አስተያዩት። ከዲሴምበር 26፣ 2023፣ ቪላን 3 ለ 2 ካሸነፍንበት ቀን ጀምሮ፣ በተጫወተባቸው 6 ተከታታይ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች 7 ጎል አገባ፤ ይህን ያደረገ በዕድሜ ትንሹ ተጫዋችም ሆነ። በእነዚያ ሳምንታት ጋርናቾ በቀኝ ይጫወት ነበር፤ ቀኝ እግር በቀኝ መስመር፣ ሳይቆም የሚያሻማ። ሐቁን ለመናገር ሁሉም ጎል የአሰላለፍ ውጤት አይደለም። ሉተን ላይ የመጀመሪያው በ37ኛው ሰከንድ ከተከላካይ ስህተት የመጣ ነው፤ ሁለተኛው የጋርናቾ ምት ደረቱን ነክቶ የገባ ነው። አጥቂ ሲሞቅ ኳስ ደረቱንም ትፈልገዋለች።

ናፖሊ ላይ ያየነውስ? ፊዮሬንቲና ላይ ከጀርባ በሮጠበት ኳስ አገባ። ስፖርቲንግ ላይ ሁለቱንም ያቀበለው ኬቨን ደብሩይን ነው፤ አንዱን በመልሶ ማጥቃት ሰንጥቆ ሰጠው፣ ሌላውን አሻማለትና በግንባሩ ገጨው። ሁለቱም ኳሶች የመጡት ሩጫው ሳይሞት ነው። ልጁ በአንድ ወር አልተለወጠም፤ ኳሱ የሚደርስበት ሰከንድ ነው የተለወጠው።

ግን «ከእኛ የወጣ ሁሉ ያበራል» የሚለውንም ተረት አልቀበለውም። ማክቶሚናይ በናፖሊ ዋንጫ አነሳ፣ የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ፤ አንቶኒ በቤቲስ ታደሰ፤ እውነት ነው። ፈርናንዶ ቶሬስ ግን በ2014 ከቼልሲ ወደ ኤሲ ሚላን በውሰት ሄዶ በ10 ጨዋታ 1 ጎል ብቻ ነው ያገባው። ሉካኩ ከቼልሲ ወደ ኢንተር፣ ወደ ሮማ ሲመላለስ 97.5 ሚሊዮን ፓውንድ የተከፈለበት ሰው በመጨረሻ ወደ ናፖሊ የሄደው በ30 ሚሊዮን ዩሮ ነው። መሄድ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። የሄደበት ቡድን ኳስ እንዴት እንደሚያደርስ ነው የሚታየው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ደስ ባይላችሁም። ድርቁ በነበረበት ጊዜ ገና 22 ዓመት የሞላው ልጅ ስም እየጠሩ የተጻፈው ስድብ፣ በአማርኛም ቢሆን፣ ትችት የሚባል አልነበረም። ተራው አሁን የአዲሱ አጥቂያችን የሼሽኮ ነው። እሱም ሲመጣ 22 ዓመቱ ነበር፣ እሱም ከ70 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተተምኗል፣ እስከ ኦክቶበር 2025 መጀመሪያ በሊጉ ያገባው ብሬንትፎርድና ሰንደርላንድ ላይ ሁለት ነው። «ሁለተኛው ሆይሉንድ» የሚለው ቀልድ ተጀምሯል። በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሱን ትታችሁ አስር ደቂቃ እሱን ብቻ ተመልከቱ። ስንት ጊዜ ሮጠ? ከሩጫዎቹ ስንቱ ላይ ኳስ መጣ? የመጣውስ ከሩጫው ጋር ነው ወይስ ከቆመ በኋላ? ስታዲየም ለሚገባ ሰው ይህ ቀላል ነው፤ ከዲ ኤስ ቲቪ ለምናይ ካሜራው ሰፋ የሚልባቸው የመልስ ምትና የቅጣት ምት ጊዜያት ጥሩ ናቸው።

እስከ ሜይ 2026 ደግሞ ከእኛ ነጥብ ጎን ለጎን የጣሊያንን ደረጃ ሰንጠረዥ ተመልከቱ። ናፖሊ እስከ 4ኛ ባለው ውስጥ ከጨረሰ 44 ሚሊዮን ዩሮው ይመጣል። ቻምፒየንስ ሊግ ሳይገባ ከቀረ ሆይሉንድ የሁለት ዓመት ውል ይዞ ወደ ልምምድ ማዕከላችን ካሪንግተን ይመለሳል፣ አጥቂ ደግሞ ገዝተናል። ስለዚህ ናፖሊ ሲጫወት ሆይሉንድ ካገባ እዚህ ቤት ውስጥ የሚያጨበጭብ ሰው ባይ አልገረምም።

ስለ ደመወዝና ስለ ደንቡ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ፤ ማይክሮፎኑ በቀኝ በኩል ነው። አመሰግናለሁ።